ሽቦ ሰው አይይዝም

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ሰዎቹን በየስማቸው ላስቀምጥ። ልጆቼ ወሬ ስነግራቸው "እሱ ደግሞ ማን ነው?" እያሉ መሃል ላይ ያቋርጡኛል፤ አንባቢም እንደ እነሱ ሳይሆን አይቀርም።

ባሻ ዘርጋው፣ በገለማ ጋራ ላይ የነበረው የአደጋ ስልክ ቤት ኃላፊ፤ የማልረሳቸው ሰው እሳቸው ናቸው። መምህር እሸቴ፣ የባሻ ታናሽ ወንድም፣ ሮቤ ከተማ አስተማሪ የነበረ። አሰገደች፣ የሮቤ ስልክ ቤት ሠራተኛ፣ ገና በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት። ኦቦ አማን፣ የፈረሰኞቻችን አለቃ፣ የአገሩ ተወላጅ የአርሲ ሰው። ገመዳ፣ የኦቦ አማን አንድ ልጅ፣ ከፈረሰኞቹ ሁሉ ፈጣኑ። እኔ፣ የሽቦ ጠባቂ፣ ከባሻ ጋር አንድ ጣራ ሥር የኖርኩ። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለነው እኔና አሰገደች ብቻ ነን።

ባሻ ያረፉት ሲሬ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚያ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ወሬውን ያመጣችልኝ ልጄ ናት። አሰላ ገበያ ላይ ከሲሬ የመጣ ሰው ነግሯት፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

"አባባ፣ ባሻ ዘርጋው ጠና ብሎባቸዋል አሉ።"

"ጠና ብሎባቸዋል ወይስ ሞተዋል?"

መሬት መሬት አየች። "አባባ፣ ቁጭ ይበሉ መጀመሪያ።"

"ቆሜ እሰማለሁ። ንገሪኝ።"

"ሞተዋል።"

"እንደሱ በይ" አልኳት። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ልጆቼ ደረቅ ሰው ነው ይሉኛል፤ ደረቅነቴን ከየት እንዳመጣሁት ግን አያውቁም። ይህን የምጽፈው እሱንም እንዲያውቁት ነው።

ስልክ ቤቱ ከአሰላ ተነስቶ በገለማ በኩል ወደ ሮቤ የሚሻገረው ሽቦ ከሁሉም ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ነበር። በመጀመሪያ የተሠራው ሽቦው ሲበጠስ ከየትኛው ወገን እንደተበጠሰ ለመለየት ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ መንገድ ነጋዴውም፣ በቅሎ ነጂውም፣ በሽተኛ ተሸካሚውም ያልፋል። ክረምት ሲገባ ጉሙ ይወርዳል፤ በረዶው ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ከአስታው ቁጥቋጦና ከጅብራው በቀር ለዓይን ምልክት የሚሆን ነገር አይገኝም። ሰው ይጠፋል። የጠፋው ሰው ዘመድ ደግሞ ወደ አሰላ ወይም ወደ ሮቤ ስልክ ቤት ሮጦ "ሰዋችን አልደረሰም" ይላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ጥቂት ፈረሰኞች፣ ቃሬዛ፣ ብርድ ልብስና የመድኃኒት ሣጥን ጨመረበትና የአደጋ ስልክ ቤት ተባለ። ባሻን ኃላፊ አድርገው ላኳቸው። ከእሳቸው በፊት የተሾመው ሰው ብርዱን አይቶ፣ ጓዙን ሳይፈታ ነው የወረደው ይባላል።

ባሻ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ስልክ የተማሩት ከጦር ሠራዊት ነው። አንድ ግራጫ ካፖርት ነበራቸው፤ እሱን በጋም ክረምትም አያወልቁትም። ስልኩ ሲጮህ ከማንሳታቸው በፊት መዳፋቸውን በካፖርቱ ላይ ይጠርጉ ነበር። ለምን እንደሚያደርጉት አልጠየቅኳቸውም፤ እንግዳ ሊጨብጡ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ለባለሥልጣን ቁጭ ብለው፣ ለተጨነቀ ሰው ግን ቆመው ነበር የሚናገሩት። አንድ ቀን አንድ የጽሕፈት ቤት ሰው ከአሰላ ደወለና የእንግዳ ጓዝ የሚጭኑ ፈረሶች አዘዘ። ባሻ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው አዳመጡት።

"የጓዙ ሁኔታ እንዴት ነው?" አሉት።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ቆስሏል? ጠፍቷል? ምጥ ይዞታል?"

መልሱን ሳይጠብቁ፣ "እንግዲህ ደህና ከሆነ ቀስ ብሎ ይምጣ" አሉና ዘጉት። ለዚህች ቀልድ ደመወዛቸው ዘግይቶ እንደመጣላቸው አውቃለሁ። ደግመውም አደረጉት።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ፊደል የለየሁት ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ ብቻዬን ነው፤ ስለዚህ የሚያስተምረኝ ሰው ሳገኝ ቃሉን አልጥለውም። "የሚደውልልህን ሰው መጀመሪያ የት እንደሆነ ጠይቀው፤ ማን እንደሆነ በኋላ ይነግርሃል" ይሉኝ ነበር። "የተጨነቀ ሰው የደረሰበትን ሁሉ ይነግርሃል፤ ያለበትን ቦታ ግን ይረሳል።" ደግሞም፣ "ስልኩን የያዘ ሰው ከቤት አይወጣም። የፈለገ ነገር ቢመጣ አይወጣም።"

ከሁሉ በላይ የነበራቸው ሕግ ግን ይህ ነው። በዚያ ስልክ ስለ ጠፋ ሰው ሦስት ነገር ብቻ ይባላል፦ አለ፣ ሞቷል፣ አይታወቅም። የማይታወቅ ሰው ደግሞ እንዳለ ይቆጠራል። ሞቷል ከተባለ፣ ፈረሰኞቹ በደወል ተጠርተው ይመለሳሉ፤ ሬሳው ሲነጋና ጉሙ ሲገፈፍ ይፈለጋል። አይታወቅም ከተባለ ግን ፍለጋው ይቀጥላል። ደወላችን ደጃፉ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። በብረት ሲመታ ድምፁ በጉም ውስጥ ሩቅ ይሄዳል።

ይህ ሕግ ሰው ሲያድን አይቻለሁ። አንድ የጨው ነጋዴ ከአህዮቹ ጋር ጠፍቶ ብዙ ተፈለገ። ኦቦ አማን በረዶ የጠጣ ቡልኳቸውን እያራገፉ ገቡ። የኦቦ አማን አማርኛ "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገዢውንም ሕፃኑንም አንተ ይላሉ። ባሻ ከሌላ ሰው የማይታገሱትን ከእሳቸው ይወዱት ነበር።

"ባሻ፣ ይኼን ሰውዬ ጅብ በልቶታል ወላሂ። ተው።"

"ሲበላው አየኸው?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው አለ።"

ኦቦ አማን እኔን አዩኝ። "ይኼ ሰውዬ ጅቡንም ምስክር ይጠይቀዋል" አሉና ፈረሳቸውን ቀይረው ወጡ። ነጋዴውን አስታ ሥር፣ ከአህዮቹ መሃል ተወሽቆ አገኙት። አፉ ሲፈታለት መጀመሪያ የተናገረው ነገር "ጨዌን አረጠባችሁት" የሚል ነበር። ባሻ ይህን ሲሰሙ የሳቁትን ሳቅ ከዚያ በፊት አልሰማሁትም፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ይኸው ሕግ ግን ባሻን ሰው አሳጥቷቸዋል። ሞትን በስልክ፣ በቀጥታ ይናገሩ ነበር። አንዲት ሴት ከአሰላ ስለ ባሏ ስትጠይቃቸው ቆመው፣ "ሞቷል፣ እህቴ። የነገርኩሽ እኔ ዘርጋው ነኝ፤ መርገም ካማረሽ እኔን እርገሚኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሴትየዋም ረገመቻቸው። በአገራችን ሞት እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ለቅሶኛውን ከብቦ ይዞ ነው መርዶ የሚረዳው። ስለዚህ ባሻ ደመወዝ ሊቀበሉ አሰላ ሲወርዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ሰው ገለል ይልላቸው ነበር። የማንም ቤት አልተጠሩም። ልጆች "የጋራው መርዶ" ይሏቸዋል። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰማ ያልፋሉ፤ ቀኑ ሳይመሽ ወደ ጋራው ይመለሳሉ።

የሚያወራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም በሽቦው በኩል፤ አሰገደች። ጠዋት ጠዋት ሽቦው ደህና ማደሩን ለማወቅ ሮቤና ጋራው ይደዋወላሉ። ለዚህ ሁለት ቃል ይበቃል። እነሱ ግን ያራዝሙት ነበር።

"ጋራው እንዴት አደረ፣ ባሻ?"

"ጋራው ደህና አድሯል። እኔም አጠገቡ አደርኩ።"

"በርዶት ይሆናል።"

"ለእሱ ነው የማዝነው። እኔስ ካፖርት አለኝ።"

በዚህ ጊዜ ባሻ አይቀመጡም፣ አይቆሙም፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፈው ነው። ለዓመታት እንዲህ ተነጋግረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ግን ፊት ለፊት አልተያዩም። እሷ ከሮቤ አትወጣም፣ እሳቸው ከጋራው አይወርዱም።

ስለ መርዶው ነገር ተከራክረውም ያውቃሉ። "ባሻ፣ ሰው መርዶ ሲነገረው ሰው ይዞት ነው። ሽቦ ሰው አይይዝም" አለቻቸው። መነጋገሪያው ድምፅ ስለሚያወጣ ቃሏን ሰማሁት። ባሻ፣ "አሰገደች፣ እኔ ውጭ ብርድ ላይ ያሉ ሰዎች አሉኝ። እዚህ የምናገረው ቃል ከለሰለሰ እዚያ ሰው ይደርቃል" አሏት። እሷ አልተቀበለችም። እኔ በልቤ የማንን እንደያዝኩ ብጠየቅ፣ በዚያን ጊዜ የእሷን ነበር።

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። መምህር እሸቴ ከሮቤ ደወለ። ይህን ልጅ ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉትና ያስተማሩት ባሻ ናቸው፤ ያላቸው ዘመድም እሱ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው" አለ እሸቴ። "አባት ሆነህ የምትቀመጥልኝ አንተ ነህ። ሐሙስ ተነስቼ፣ መንገድ አድሬ፣ ዓርብ በቀትር እደርሳለሁ። ይዤህ ልወርድ ነው።"

"እኔ ራሴ መውረድ አልችልም?"

"ትችላለህ። ግን ከስልኩ ማን ይነቅልሃል? ካልጎተቱህ አትመጣም።"

ባሻ ተላጩ። ካፖርቱን አውልቀው ቦረሹት። ለእኔ ስልኩን እንዴት እንደምይዝ የማውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ ነገሩኝ። በማግስቱ ጠዋት አሰገደች፣ "እንግዲህ ድምፅዎን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ፊትዎን ላይ ነው" አለቻቸው።

"ፊቴ ከድምፄ አይሻልም።"

"ድምፅዎም ያን ያህል አልነበረም።"

ከሳቁባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። እኔም ያን ቀን፣ ይህ ሰው ከሮቤ ብቻውን አይመለስም ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ ቀትር ሆነ፤ እሸቴ አልመጣም። በረዶ ጣለ፣ ከኋላው ጉም ወረደ። ባሻ ወደ ሮቤ ደወሉ። አሰገደች፣ "ትናንት በጠዋት በበቅሎ ወጥቷል" አለች። ባሻ ለሌላ ሰው እንደሚያደርጉት አደረጉ፤ ኦቦ አማንን ጠርተው ፈረሰኞቹን በሁለት ከፈሉ። ለሌላ ጥሪ የሚቀሩ ሁለት ሰዎችና ቃሬዛው በቤት ቀሩ። ሌሎቹ ከኦቦ አማንና ከገመዳ ጋር ወጡ። ገመዳ ከኮርቻው ላይ ሆኖ፣ "ባሻ፣ ወንድምህን ሳመጣ ለሠርጉ ትጠራኛለህ" አላቸው። እሱም እንደ አባቱ አንተ ነው የሚለው።

"ፈረስህን ከጠራሁ አንተ አትቀርም" አሉት።

እኔ ቸርኬውን በየተወሰነ ጊዜ እመታለሁ፤ የጠፋ ሰው ድምፁን ሰምቶ እንዲመጣ። የመጥሪያው አመታት ሌላ ነው፤ ፈረሰኞቹ ለይተው ያውቁታል።

ከሮቤ ወጣ ሲሉ የሚሻገሩት ወንዝ አለ። ባሻ ከቀትር በኋላ ዘግይተው እንደገና ደወሉ። ቆመው ነበር።

"አሰገደች፣ ምን ሰማሽ?"

"እስካሁን የተሰማ ነገር የለም፣ ባሻ።"

"ወንዙ ሞልቷል ይባላል። ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? ይህን ብቻ ንገሪኝ። ካልተሻገረ ሰዎቼ ጋራው ላይ ምንም የሚሠሩት የለም።"

ዘገየች። "ተሻግሯል" አለች።

"ያየው ሰው አለ?"

"አለ። ተሻግሯል፣ ባሻ።"

ባሻ መነጋገሪያውን አስቀመጡና፣ "እንግዲያው ጋራው ላይ ነው" አሉኝ።

እውነቱን ያወቅነው በኋላ ነው። የእሸቴን ሬሳ ገበሬዎች ከወንዙ ታች አግኝተው ሮቤ ያደረሱት ባሻ ከመደወላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ከተማውን እንደወጣ፣ ወንዙ ከነበቅሎው ወስዶታል። ጋራውን አላየውም። የሮቤ ሽማግሎች ስልክ ቤት ገብተው አሰገደችን ከበቧት። "ሰውዬው ጋራ ላይ ብቻውን ነው፤ ዘመዱ ይኸው ልጅ ብቻ ነው። በሽቦ አትንገሪው። ወንዙ ጎድሏል፤ አሁን ተነስተን፣ ሌሊቱን ተጉዘን፣ ነገ ራሳችን እንረዳዋለን" አሏት። ባሻ ስለ ወንዙ ሲጠይቋት ሽማግሎቹ ፊቷ ቆመው ነበር። እሷም ሲመሽ ፈረሰኞቹ የሚመለሱ መስሏታል። በክፋት የተደረገ ነገር የለም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ክፉ ሥራ አይቻለሁ፤ ይህን ያህል ያጠፋ ግን አላየሁም።

ወደ ማታ ግድም ብርዱ እየከፋ ሲሄድ፣ "ባሻ፣ እርስዎ ይውጡ፤ ስልኩን እኔ እይዛለሁ" አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት።

"እኔ ከወጣሁ ይኼ ስልክ የወንድሜ ስልክ ሆነ ማለት ነው" አሉኝ።

ይህን እንዳሉ ስልኩ ጮኸ፤ በአሰላ በኩል ከጋራው ሥር ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተባለ። መዳፋቸውን ጠረጉ፣ ቆሙ፣ የት እንደሆነች ጠየቁ። የቀሩትን ሁለት ሰዎች ከነቃሬዛው ላኳቸው። እነሱ ሲወጡ ባሻ የበሩን መዝጊያ ይዘው ጉሙን አዩ።

ሲመሽ ከፈረሰኞቹ ከፊሎቹ ፈረስ ሊቀይሩ ገቡ። ኦቦ አማን እግራቸው አልሰማ ብሏቸው ነበር። "ባሻ፣ እንጥራቸው?" አሉ። ባሻ፣ "ወንዙን ተሻግሯል ተብያለሁ። አይታወቅም። የማይታወቅ ደግሞ..." ብለው ሳይጨርሱት ኦቦ አማን "አለ" አሉና ተመልሰው ወጡ። ገመዳ ያኔም ከውጭ አልገባም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ገፈፍ ሲል በሮቤ በኩል ሰዎች ሲመጡ አየን። ጋቢያቸውን እንደ ለቅሶ ነው የለበሱት። ባሻ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ሽማግሎቹ ከበቅሎ ወርደው፣ ሊይዟቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ቀረቡ። ባሻ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉና ጠየቁ።

"መቼ ነው የተገኘው?"

"ባሻ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ አሁን..."

"መቼ ነው የተገኘው?"

"ትናንት ከቀትር በኋላ" አለ አንደኛው።

ባሻ በመካከላቸው አልፈው ሄዱ። ሊያለቅሱ የሄዱ መሰለን። ወደ ቸርኬው ነበር። ብረቱን ከእጄ ወስደው የመጥሪያውን ደወል መምታት ጀመሩ። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ይዘው ቆመው ያዩዋቸዋል። ለረጅም ጊዜ መቱት። ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ ከአስታው መሃል ብቅ እያሉ መጡ። ኦቦ አማን ሰው ደግፏቸው መጡ። ገመዳ አልመጣም።

ሽማግሎቹ ባሻን ለቀብር ይዘዋቸው ሊወርዱ ለመኗቸው። "ገመዳ አይታወቅም" አሏቸውና ስልኩ አጠገብ ቁጭ አሉ። መምህር እሸቴ ወንድሙ በሌሉበት ተቀበረ። ገመዳን ያገኘነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከነፈረሱ በብርድ ደርቆ፣ ፈረሱን ለሙቀት እንደተደገፈ። የምጥ ሴትየዋ ወልዳ፣ እሷም ልጇም ደህና ሆኑ፤ ይህን መጻፍ ደግ ነገር ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ኦቦ አማን እግራቸው በፋሻ እንደታሰረ፣ በበቅሎ ተጭነው ስልክ ቤቱ መጡ። ከበቅሎው አልወረዱም። የእግራቸው ጣቶች በኋላ አሰላ ተቆረጡ።

"ባሻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓርብ፣ ሞቷል ቢሉህ ትጠራን ነበር?"

"እጠራችሁ ነበር።"

"ወንድምህ ቢሆንም?"

"ወንድሜ ስለሆነ እናንተን ከሰው አልቆጥርም ነበር ብለህ ነው? እጠራችሁ ነበር።"

ኦቦ አማን ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው አንተ አይደለህም የገደልከው" አሉ። በቅሎዋን አዞሩ። ትንሽ ሄደው ቆሙና ሳይዞሩ፣ "ግን ከእንግዲህ አልመጣም፣ ባሻ" አሉ። አልመጡም። ሌላ አለቃ ተቀጠረ፤ ባሻን እርስዎ የሚል።

ባሻ አሰገደችን አልከሰሷትም፣ አልሰደቧትም። በስልክ ይቅርታ ስትጠይቃቸው፣ "መስመሩ ለሥራ ነው" ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሁለት ቃል ብቻ ሆነ።

"ሮቤ።"

"ጋራው።"

እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። እኔ ትዳር ይዤ አሰላ ወረድኩ፤ እሳቸው ጡረታቸው እስኪደርስ እዚያው ቀሩ።

የእሳቸውን ነገር ለልጆቼ ስነግር ሁልጊዜ፣ እውነት ሲዘገይ የሚከፍለው ያልታሰበው ሰው ነው እላቸዋለሁ። ይህን አምናለሁ። ግን እውነት ለመናገር፣ ያን ዓርብ ባሻ ያን ቃል ብቻቸውን ቢሰሙት ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም። አሰገደች የፈራችው ነገር የሚያስፈራ ነበር።

ባሻን ሲሬ ከቀበርን በኋላ ወደ ቤቴ አልተመለስኩም፤ ሮቤ ሄድኩ። በስልክ ልነግራት እችል ነበር። አላደረግኩትም። በሯን ሳንኳኳ ራሷ ከፈተች፤ አርጅታለች። የጋቢዬን አለባበስ አየች።

"መቼ?" አለች።

"ማክሰኞ።"

የበሩን መቃን ያዘች። ክንዷን ያዝኩት፤ አልተከላከለችም። ከገባን በኋላ፣ "አንድ ጊዜ የወንድሙን መቃብር ሊያይ መጥቶ በስልክ ቤቱ ደጃፍ አልፏል። በመስኮት ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት" አለች። "ፊቱ ምን ይመስል ነበር?"

የሰው ፊት በቃል መግለጽ አልችልበትም። ሌላ ነገር ነገርኳት። "ባሻ ለባለሥልጣን ቁጭ ብለው ነበር የሚናገሩት" አልኳት። "የሚቆሙት ለተጨነቀ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ነገር በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት 'ጋራው' ሲሉሽ ቆመው ነበር። አንድ ቀን ሳይቀር። አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

በመጨረሻ ሒሳቡ ይህ ነው። መምህር እሸቴን አላስገባውም፤ እሱን የወሰደው ወንዝ ነው፣ ወንዝ ቃል አይሰማም። የቀረው የእኛ ነው። ገመዳ፣ ሕይወቱን ከፈለ። ኦቦ አማን፣ አንድ ልጃቸውን፣ የእግራቸውን ጣቶች፣ ወዳጃቸውንም። አሰገደች፣ ከዚያ በኋላ የነበሩትን ጠዋቶች ሁሉ። እኔ፣ ለልጄ እንኳ ቀስ ብሎ ማዘን የሚችል አንደበት። ባሻ፣ የወንድማቸውን ቀብርና ሮቤ ላይ ሊኖራቸው ይችል የነበረውን ቤት። ይህ ሁሉ የወጣው አንድ ሰው አንድ ማታ ብቻውን እንዳያለቅስ ነበር። ያን ማታ አላለቀሱም። የቀሩትን ማታዎች ሁሉ ብቻቸውን አለቀሱ።